ከበሩ ጀምሪ

የእህቴ ልጅ፣ በሰፈራችሁ ፓርክ ውስጥ ውሾች ከማሰሪያ ተፈትተው የሚሮጡበት ቦታ እንዲሠራ በሚመክረው የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ መመረጥሽን ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ። እኔ እዚህ ሲያትል ውሻ ይዤ ፓርክ መመላለስ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። በበጎ ፈቃድ የእንጨት ፍርፋሪ በእጅ ጋሪ ገፍቻለሁ፣ በስብሰባም ተሟግቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

1. አስቀድመሽ ውሻ የሌላቸውን አነጋግሪ። ውሻ ያላቸው ሳትጠሪያቸውም ይመጣሉ። የማይመጡት በሰፈራችሁ፣ በሬይኒየር ሸለቆ፣ የሚኖሩት እናቶቻችንና የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ውሻ ሲያዩ መንገድ የሚሻገሩት በከንቱ እንዳይመስልሽ። እናትሽ ልጅ ሳለች አዲስ አበባ ውሻ ነክሷት፣ ጉለሌ ወዳለው የፓስተር ተቋም በየቀኑ እየተመላለሰች ሆዷ ላይ መርፌ ስትወጋ እጇን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ እሷ የምትፈራው የምታውቀውን ነው። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ የውሻ ለሃጭ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰግዱበትም። እነዚህን ሰዎች አጥሩ ካለቀ በኋላ ብትሰሚያቸው ምን ይጠቅማል? ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ አስጽፊ። በኮሚኒቲው አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ለጥፊው። ከሁሉ በላይ ግን ሄደሽ ሻይ ጠጪላቸው።

2. የሣሩን መሃል አትመኚ፤ የተተወውን መሬት ፈልጊ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ በ1979 የተከፈተው ኦሎኒ የውሻ ፓርክ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ቦታ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ ይቆጠራል። መሬቱ ለምድር ባቡር ግንባታ ቤቶች ፈርሰው ባዶ የቀረ ነበር። በእኛው ከተማ ውሾች የሚፈቱበት የጀነሲ ፓርክ ድሮ የቆሻሻ መጣያ ነበር፤ ኮሎኔድ የሚባለው ደግሞ በአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ብትጠይቂ ከልጆችም ከኳስ ተጫዋቾችም አትቀሚም፤ ክርክሩም ይቀልልሻል። ማግነሰን ፓርክ ሐይቅ ዳር ወደ 9 ኤከር የሚጠጋ ቦታ አለ የሚሉሽ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ውሾቹ እስከ ውኃው ይደርሳሉ። መኪና የሌላቸው ሽማግሌ ግን ከሸለቆው ተነስተው እዚያ እንዴት ይድረሱ?

3. በሩን ከሁሉ አብልጠሽ አስቢበት። አዲስ ውሻ ሲመጣ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ በሩ ይሮጣሉ። ገቢው ገና ታስሮ ሳለ የተፈቱት ይከቡታል፤ መሸሻ ስለሌለው ይደነግጣል፣ ጥርሱን ያሳያል። በዕድሜዬ ካየኋቸው የውሻ ጠቦች የሚበዙት የተነሱት በር ላይ ነው። ስለዚህ በሩን ማዕዘን ውስጥ አታስቀምጪው፤ ከበሩ ፊት ገላጣ ይሁን። መግቢያው ሁለት በር ይኑረው፣ በመሃሉም ትንሽ ግቢ፤ የውጭው ተዘግቶ፣ ማሰሪያው እዚያው ተፈትቶ፣ ከዚያ የውስጡ ይከፈታል። አንድ በር ብቻ የነበረው ቦታ ላይ አንዲት ቡችላ በሰው እግር ሥር ሾልካ አስፋልቱ ላይ ስትገጭ ዓይኔ አይቷል። ባለቤቷ የጠቀለለባትን ጃኬት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የመሃሉ ግቢ ተሽከርካሪ ወንበር ከነውሻው እንዲዞርበት ይስፋ፤ መወርወሪያውም ጣቱ በሪህ በተያዘ ሰው እጅ የሚከፈት ይሁን። ለከባድ መኪናም ሌላ ሰፊ በር አስደርጊ፤ አለዚያ የእንጨት ፍርፋሪውን በጋሪ የምትገፊው አንቺ ነሽ።

4. ሣር ቃል አትግቢ። የውሻ ሽንት ናይትሮጅኑ ይበዛና ሣሩን ያቃጥላል፣ እግራቸው የቀረውን ይፈጃል፤ እዚህ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ፀደይ ይዘንባል። ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ሳታዪ መሬቱን አታልብሺ። በዝናብ ቀን ቦት ጫማ አድርገሽ ሂጂና ኩሬ የሚሠራበትን በካስማ ምልክት አድርጊ። መጀመሪያ ተዳፋቱንና የውኃ መውረጃውን አሠሪ፣ ከዚያ ጠጠር ወይም የእንጨት ፍርፋሪ። ፍርፋሪ ይበሰብሳል፤ በየጊዜው መጨመሪያውን በጀት ከወዲሁ ጠይቂ።

5. ለትንንሽ ውሾች የተለየ አጥር። በዚህ አትደራደሪ።

6. ሕጉ አጭር ይሁን፤ በሥዕልም ይሣል። ክትባት፣ የከተማው ፈቃድ፣ ዓይነ ምድር ማንሳት። ክትባቱን ያልጨረሰች ቡችላ አትግባ፣ ለስሪያ የደረሰች ሴት ውሻም እንዲሁ።

7. አግዳሚ ወንበሮቹን በትኛቸው። አንድ ላይ ከደረደርሻቸው ሰው ተቀምጦ ስልኩን ያያል፣ ውሻውም ጌታ የሌለው ይሆናል። ዙሪያውን የሚሄድ የእግር መንገድ ካለ ግን ሰው ይራመዳል፣ ውሻውም ይከተለዋል። አንድ ወንበር ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ይህን ሲሳቅብሽም ቢሆን አስመዝግቢው። እናትሽ አሁን አሁን አብራኝ ትመጣለች፤ ውስጥ አትገባም፣ አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የውሻዬን ስም ጠራች። ጉልበቷ ያማታልና ብዙ መቆም አትችልም።