የድምፅ መሣሪያ ገመድና ማገናኛ ምርጫ፦ የአንበሳሜን ቤት መነሻ ያደረገ አጭር ጥናት

በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ ጥራት ያለው የድምፅ መሣሪያ በቤቱ ለመትከል የሚነሣ ሰው አምፕሊፋየሩንና ስፒከሮቹን ካገኘ በኋላ የገመድ ጥያቄ ይገጥመዋል። በውጭ አገር ገበያ የአንድ ጥንድ ስፒከር ገመድ ዋጋ ከአምፕሊፋየሩ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በአገር ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በቀላሉ የሚገኘው ግን ለቤት መስመር ዝርጋታ የሚሸጠው ባለ 1.5 ወይም ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ የውዱን ገመድ ቦታ ሊተካ ይችላል ወይ የሚለው በስሌት የሚመለስ ጥያቄ ነው።

አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.0172 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ቢርቅ የደርሶ መልሱ መስመር 10 ሜትር ይሆናል። በባለ 2.5 ሽቦ ይህ 0.07 ኦም ገደማ ሲሆን በባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ የሚያስከትለው ቅናሽ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ከመሣሪያው ጋር ተጠቅልሎ በሚመጣው ባለ 0.5 ሽቦ ግን ሬዚስታንሱ 0.34 ኦም ይደርሳል። የስፒከር ኢምፒዳንስ በሁሉም ድምፅ እኩል ስላልሆነ ጉዳቱም እኩል አይሆንም፦ ኢምፒዳንሱ ወደ 3.2 ኦም በሚወርድበት ቦታ ቅናሹ 0.9 ዴሲቤል ገደማ፣ 20 ኦም በሚደርስበት ቦታ ግን 0.15 ብቻ ነው። የሚዛባው እንግዲህ የድምፁ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የዜማው ሚዛን ነው። ከዚህ በላይ ስለ ኦክስጅን አልባ መዳብና ስለ ሽቦው አቅጣጫ የሚነገረው በ5 ሜትር ርቀት ላይ ለገዢው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይልቁንም ጥንቃቄ የሚያሻው መዳብ መስሎ ለሚሸጠው፣ ውስጡ አሉሚኒየም ለሆነው ሽቦ ነው። ሬዚስታንሱ በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ በ1.5 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ጫፉን በቢላ ፍቆ ማየት ይበቃል፤ ነጣ ካለ መዳቡ ልባስ ብቻ ነው። ለስፒከር ቢሆን ወፍራሙን መርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ያው ሽቦ ለመብራት መስመር ሲውል ግን ነገሩ ከድምፅ ጥራት አልፎ የእሳት አደጋ ይሆናል።

የሸክላ ማጫወቻ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም የጀመራቸውን ሸክላዎች ዛሬ በመልካም መሣሪያ ለመስማት የሚፈልግ ሰው፣ ከመርፌው የሚያገኘው ምልክት 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ ከሚሰጠው 2 ቮልት 400 ጊዜ ያንሳል። በብዙ የመርፌ ራሶች ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ግማሽ ሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ ስላለው ከገመዱ ካፓሲታንስ ጋር ተጣምሮ የላይኛውን ድምፅ ይወስናል። ክንዱና የአምፕሊፋየሩ መግቢያ አንድ ላይ 120 ፒኮፋራድ ናቸው እንበል። በሜትር 200 ፒኮፋራድ የሆነ ርካሽ ገመድ በ1.5 ሜትር 300 ሲጨምር ሬዞናንሱ 11 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የጸናጽልና የመሰንቆ ረቂቅ ድምፅ በፍጥነት ይጠፋል። በሜትር 53 ፒኮፋራድ ገደማ የሆነው የሳተላይት ዲሽ ገመድ ግን 80 ብቻ ስለሚጨምር ሬዞናንሱን 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያቆየዋል። በየጣሪያው ያለው የዲሽ ገመድ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው የማያንስ መሆኑ ለብዙዎች ላይዋጥ ይችላል፤ ስሌቱ ግን ይህንኑ ይላል። እንከኑ ሌላ ነው፦ ደረቅ ስለሆነ ማጫወቻውን እንዳይጎትት መታሰር አለበት፤ የውጭ መከለያው አሉሚኒየም ከሆነም ብየዳ አይይዝም፤ ስለዚህ የመዳብ ጥልፍ ያለው ይመረጣል።

በዚህ መስመር ላይ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ሲሰማ የተለመደው መፍትሔ የሶኬቱን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ነው። ጉምጉምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ የብረት ገላው 220 ቮልት ይሸከማል፣ ቀጥሎ የሚነካውም የሰው እጅ ነው። ትክክለኛው መንገድ መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ የመሬት ዑደቱን ማጥበብ ነው። ሶኬቱ የመሬት መገናኛ ስላለው ብቻ ቤቱ ወደ መሬት የወረደ ሽቦ አለው ማለት አይደለምና ከገመድ የተረፈው ገንዘብ ቀድሞ ሊውል የሚገባው ለዚህ ነው።

ማገናኛን በተመለከተ፣ በጣና ዙሪያ ክረምት እርጥበት ስለሚበዛ የተጋለጠ መዳብ ይጠቁራል። ቀጭን የወርቅ ልባስ ያላቸው ፒኖች በዚህ ረገድ ዋጋቸው ተገቢ ነው። በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ ሥር የሚገባ የሽቦ ጫፍ በእርሳስ መነከር የለበትም፤ እርሳሱ በግፊት እየተለመጠ ብሎኑን ያላላዋል። ባዶውን ጠምዝዞ ማሰር፣ ክረምቱ ሲወጣ ፈትቶ የጠቆረውን ቆርጦ እንደገና ማጥበቅ ይሻላል።