ስዋንን ላላዩ ልጆች

በዚህ ዓመት የአንደኛ ክፍል ልጆቻችን በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ስዋንን አገኙ። መምህርቷ «ይህች ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ አንዱ ልጅ «የፈረንጅ ዶሮ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ስንሰማ ሳቅን። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። ቆይተን ስናስበው የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ልጁ ከሚያውቀው ተነስቶ የማያውቀውን ለመረዳት ሞክሯል።

በኢትዮጵያም ሆነ በሶማሌላንድ የዱር ስዋን አይኖርም፤ በዕለት ንግግራችንም ለእሷ የተለመደ ስም የለንም። ስለዚህ ትምህርቱን እንደገና ከዶሮ ጀመርን። የልጁን መልስ ሰሌዳው ላይ ጽፈን «በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?» አልን። ሁለቱም ላባ አላቸው፣ እንቁላል ይታቀፋሉ። ዶሮ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ስዋን ግን 5 ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። የዶሮ ጣቶች ለየብቻ ናቸው፣ መሬት ትጭርባቸዋለች። የስዋን ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ስለሆኑ ውሃ ትቀዝፍባቸዋለች። አንገቷን ሲያዩ «ቀጭኔ!» አሉ። የቀጭኔ አንገት 7 አጥንት ብቻ ሲኖረው የስዋን ከ20 በላይ አለው። እንደልቧ እያጠፈችው፣ ሳትጠልቅ፣ ከውሃው ሥር ያለውን ተክል ትለቅማለች።

«ላባዋ ለምን አይረጥብም?» የሚለውን ጥያቄ ያመጡት ልጆቹ ናቸው። ከጅራቷ አጠገብ የሚወጣውን ቅባት በመንቁሯ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች። አንዲት ልጅ «እማዬ ፀጉሬን እንደምትቀባኝ!» አለች። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኛም አልነበረንም። ስዋን ሁሉ ነጭ እንዳልሆነች፣ በአውስትራሊያ ጥቁር እንዳለች፣ የነጮቹም ጫጩቶች ብዙውን ጊዜ ግራጫ እንደሆኑ ሲሰሙ በጣም ተደነቁ።

ስዋን የዝይና የዳክዬ ዘመድ ስለሆነች ወደ አገራችን ዝይ ተሻገርን። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ መኖሪያዋ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ በባሌ ተራሮችና በአዲስ አበባ አቅራቢያ በገፈርሳ ትታያለች። ላባዋ ለምን ወፍራም እንደሆነ ስንጠይቅ «ብርድ ስላለ!» አሉ። ብዙዎቹ ደጋን የሚያውቁት ከወላጆቻቸው ወሬ ነው። ወላጆች ሆይ፣ በልጅነታችሁ በወንዝ ዳር ያያችኋቸውን ወፎች እባካችሁ አጫውቷቸው።

በመጨረሻው ቀን ያ ልጅ እጁን አወጣ። «የሐርጌሳ ወንዝ በዝናብ ሲሞላ ስዋን ትመጣለች?» አለ።

«ውሃው ወዲያው ሄዶ አሸዋው ብቻ ቢቀርስ፣ ምን ትበላለች?» አልነው።

ጥቂት አሰበና «እንግዲያስ አትምጣ» አለ።