ካርዳችን ቤንዚን ማደያ ሲደርስ

በክረምት ዕረፍት መዋጮ አሰባስበን፣ መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና ተከራይተን አሜሪካን ለመዞር የምናስብ ተማሪዎች ይህን እንወቅ።

እዚያ የቤንዚን መቅጃው ብዙ ጊዜ ካርዱ የተመዘገበበትን ባለ 5 አሃዝ የፖስታ ቁጥር ይጠይቃል። የውጭ አገር ካርድ ይህ ቁጥር ስለሌለው ሊመለስ ይችላል፤ ገንዘባችን አልቆ አይደለም። መፍትሔው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የመቅጃውን ቁጥርና የሚቀዳውን የገንዘብ ልክ ለሒሳብ ተቀባዩ ነግሮ አስቀድሞ መክፈል ነው።

መቅጃው ካርዱን ቢቀበልስ? ስንት እንደምንቀዳ ስለማያውቅ ከ100 ዶላር በላይ ሊያስይዝብን ይችላል፤ የ40 ዶላር ብቻ ብንቀዳም ትርፉ እስኪለቀቅ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

የሁላችን መዋጮ በአንድ ጓድ ካርድ ላይ ከሆነ የነገው ስንቃችን አብሮ ይታገዳል። ስለዚህ ገንዘባችንን በሁለት ካርድ እንከፋፍል፤ ጥቂት ጥሬ ዶላርም እንያዝ።