አቧራ የከመረው አምባ

ካምፓላ፣ ናኪቩቦ ቦይ ዳር። ዝናቡ አባርቷል፤ ቦዩ ቡናማ ውሃ ተሸክሞ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይጋልባል። ሁለቱ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ትናንት እዚህ አቧራው ዓይን አያስገልጥም ነበር። ያ ሁሉ የት ገባ?

ሽማግሌው፦ ይኸው፣ እያየሽው ወደ ሐይቅ እየሄደ ነው። አጣቢ ባያገኝ ኖሮ ግን ከዘመን ብዛት አምባ ይሆን ነበር።

ልጅቱ፦ አቧራ? ይቀልዳሉ!

ሽማግሌው፦ ሰሜን ቻይና ውስጥ ሆኗል እኮ። ነፋስ ከጎቢና ከአካባቢው በረሃዎች እያነሳ ያመጣው ደቃቅ አፈር ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲከመር ኖሮ፣ ቦታ ቦታ ላይ ውፍረቱ ከ100 ሜትር ያልፋል። ሎስ ይሉታል፣ በጀርመንኛ ቃል። አሸዋ ይከብዳልና በረሃው አካባቢ ይቀራል፤ አቧራው ግን ርቆ ይሄድና ሣር ላይ ያርፋል።

ልጅቱ፦ ነፋሱ መልሶ አይወስደውም?

ሽማግሌው፦ ሣሩ ይይዘዋል፤ ውስጡ ያለው ኖራ ደግሞ ያጣብቀዋል። ይቺን የስኳር ጓል እያት፤ ረጥባ የደረቀች ናት። ፍሬዎቹ የተያያዙት በጫፍ በጫፋቸው ነው፤ መሃላቸው ባዶ ነው።

ጓሏን የብርጭቆው ማስቀመጫ ላይ አቁሞ በጎኗ ሻይ ጠብ አደረገ። ከሥሯ ጠቆረች፤ ትንሽ ቆይታ ዝርግፍ አለች።

ልጅቱ፦ ውይ!

ሽማግሌው፦ ሎስም እንዲሁ ነው። ደረቁ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰዉም ፈልፍሎ ዋሻ ቤት ይሠራበታል። ብርድ ሲሆን ይሞቃል፣ ሙቀት ሲሆን ይቀዘቅዛል፤ ድሃ ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል? ውሃ ሲጠግብ ወይም ምድር ሲናወጥ ግን አያድርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1556 በሻአንሺ በደረሰ የምድር መናወጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ መዛግብት ያወሳሉ። በ1920 ደግሞ ሃይዩዋን ላይ ኮረብታው ተንዶ መንደር ዋጠ፣ ሸለቆ ደፈነ።

ልጅቱ፦ ለምን ለቀው አይሄዱም?

ሽማግሌው፦ አፈሩ ለም ነዋ! እርሻው ግን ሣሩን ጨረሰው፤ ዝናቡም አፈሩን እየላጠ ወሰደው። ቢጫው ወንዝ ስሙን ያገኘው ከዚያ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የቻይና መንግሥት ለገበሬው ድጎማ እየሰጠ ተዳፋቱን ዛፍና ሣር እንዲያለብስ አድርጓል።

ልጅቱ፦ የእኛስ የኢትዮጵያ ደጋ?

ሽማግሌው፦ የእኛ አቧራ አይደለም፤ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ላዩ ግን በስብሶ አፈር ሆኗል፤ ውሃ ሲጠግብ እሱም ይናዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የመጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው።

ልጅቱ፦ ታዲያ ዝም ብለው ይዩ?

ሽማግሌው፦ ይቆፍሩ እንጂ። ግን አንድ ሰው አካፋውን ጥሎ ሽቅብ ተዳፋቱን ይይ፤ ስንጥቅ ሲሰፋ ካየም ይጩህ።