ሞተር ይውረድ ከማለትህ በፊት

ልጄ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትወጣ ፒካፑ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በሁለተኛ ካልሆነ አልወጣ አለ፤ መካኒኩም ገና ኮፈኑን እንደከፈተ «ሞተር ይውረድ» አለህ። አይውረድ። ቢያንስ ይህን ጽሑፍ ጨርሰህ የነገርኩህን ሁሉ ሳትሞክር አይውረድ። ጉልበት ያጣ የናፍጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የታመመው አየር ወይም ነዳጅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ሞተር ሳይፈታ ማየት ይቻላል። የምነግርህ ከነጻው ጀምሮ ወደ ውዱ ስለሚሄድ ቅደም ተከተሉን አታዛባብኝ።

1. መኪናው ደክሞ እንደሆነ ወይም አገሩ ከፍ ብሎ እንደሆነ ለይ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቡሬ ወደ 2,100 ትጠጋለች፤ እንጅባራ ከ2,500 ታልፋለች። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የቤንዚን ሞተር በብልጭታ ይነሣል፤ የናፍጣው ግን አየሩን አምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ካጋለ በኋላ ነው ነዳጁን የሚረጭበት። ነዳጁ የሚቃጠለውም በዚያው አየር ስለሆነ አየር ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። ተርቦ የሌላቸው የድሮዎቹ ሃይሉክሶች፣ 3ኤልና 5ኤሉ፣ እንዲሁም ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘር ይህን ዳገት ላይ ይናገሩታል። ተርቦ ያለው ብዙም አይሰማው። ጥያቄው «ደካማ ነው ወይ?» ሳይሆን «ያኔ ይወጣው የነበረውን ያንኑ ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ አሁን ለምን አቃተው?» ነው። ስለ ጭነት ካነሣን ዘንዳ፣ ሃይሉክስ የተሠራው 1 ቶን አካባቢ፣ ማለትም 10 ኩንታል ያህል እንዲሸከም ነው። በርበሬ ስትጭን ጆንያው ትልቅ፣ ክብደቱ ትንሽ ነውና ብዙ የጫንህ ይመስልሃል። በበቆሎ ጊዜ ግን ያንኑ ያህል ጆንያ ደርድረህ መኪናው ደከመ ብትለኝ አልሰማህም።

2. ወደ ሞተሩ ከመሄድህ በፊት መኪናውን የያዘው ነገር አለመኖሩን እይ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ ንዳና ፍሬን ሳታበዛ ቁም። እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ካቃጠለህ ፍሬኑ ይዟል፤ አንተ ከኋላ እየጎተቱህ ዳገት ትወጣለህ ማለት ነው። ቀጥሎ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ርገጥ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ የተቃጠለ ሽታም ይመጣልሃል። ስንቱ በፍሪሲዮን ምክንያት ሞተር አስወርዷል!

3. ረዳትህ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለል ይርገጥ፤ አንተ ፓምፑ ላይ ያለችው ክንድ መቆሚያዋን ነክታ እንደሆነ ተመልከት። ሽቦው ከረዘመ ወይም ፔዳሉ ሥር ምንጣፍ ተጣጥፎ ከሆነ አትነካም። ይህ የሚሠራው ሽቦ ላለው መኪና ብቻ ነው።

4. ጭሱን አንብብ። ዳገት ላይ አንተ ስትረግጥ ከኋላ ሆኖ የሚያይልህ ሰው ይኑር። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጅ ደርሷል፣ አየር አንሷል ማለት ነው፤ ወደ 5ኛው ሂድ። ጉልበት ጠፍቶ ጭስም ከሌለ ነዳጁ ራሱ አልደረሰም፤ ወደ 6ኛው ሂድ። ሰማያዊ ዘይት ነው። ነጭ ደግሞ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ወይም ውሃ ነው፤ ጠዋት ብርድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ቢል ግን አትደንግጥ። መካኒክ ጭሱን ሳይጠይቅ ፍርድ ከሰጠ ሌላ መካኒክ ፈልግ።

5. አየር። በእኛ አገር በጋ ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ከሌላ መኪና ኋላ ሆኖ የሄደ ሰው የአየር ፊልትሮ ምን እንደሚውጥ ያውቃል። በአጨዳ ጊዜ ደግሞ የጤፍ እብቅ ይጨመርበታል። ፊልትሮውን አውጣና ከውስጡ ባትሪ አብራበት፤ ብርሃኑ ወደ ውጭ ካልዘለቀ ታፍኗል። በኮምፕሬሰር የምታስነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አፉን አርቀህ፣ በቀስታ ነው። ጎሚስታው ለጎማ በሚሰጠው ኃይል ከተነፋ ወረቀቱ ይበሳና ከዚያ በኋላ አቧራው በነጻ ይገባል። በቤንዚን አይታጠብም፤ በድንጋይ ላይ አይመታም። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለውን ጎማ ቱቦ ደግሞ እጥፋቶቹን እየዘረጋህ ዳብስ፤ አንድ ስንጥቅ ካለው ያጣራኸው ሁሉ ከንቱ ነው። በዚያች ስንጥቅ የሚገባ አቧራ ነው የፒስተን ፋሻ የሚበላው፤ የዛሬ ዓመት በእውነት ሞተር የሚያስወርድህም እሱ ነው። ማርሚታውንም እግረ መንገድህን እይ። ድንጋይ መትቶት ከተጨፈለቀ ጭሱ መውጫ ስለሚያጣ አዲስ አየር አይገባም።

6. ነዳጅ። እዚህ ላይ ታገሥ፣ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ማደያ ሲደርቅ ከጄሪካን የሚቀዳውን ናፍጣ ከየት እንደመጣ አታውቀውም። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ክፈትና በንጹሕ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጥቂት ቅዳ። ጥላ ሥር አቁመህ ሻይህን ጠጣ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይዘቅጣል፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዝገትና ጥቁር ዝቃጭ ካየህ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት፤ ፊልትሮ ብቻ ብትቀይር በሳምንቱ ተመልሰህ ትመጣለህ። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ በሽታው ትጠረጥራለህ፤ ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነውና ላምባ ውስጡን ይፍቀዋል።

ከዚያ ክዳኑን ሞክር። መኪናው ሲደክምብህ ቁምና የታንኩን ክዳን ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ጉልበቱ ከተመለሰ መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኗል።

ይህ ካልሆነ የድሮው ፓምፕ ላለው መኪና አንድ የማያታልል ፈተና አለ። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጄሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገህ አጥብቀህ እሰር፤ በብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ከሱ ወደ ፊልትሮው ስጥ፤ የመላሹንም ቱቦ ወደ ጄሪካኑ መልስ። ጉልበቱ ከመጣ ፓምፑም ኖዝሉም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከታንኩ እስከዚያ ባለው መስመር ነው። ያንኑ ቱቦ ከታንኩ በሚመጣው መስመር ላይ ገጥመህ ውስጡ አረፋ ሲሮጥ ካየህ መስመሩ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። የሚስብ ቱቦ ወደ ውጭ ስለማያንጠባጥብ ናፍጣ የፈሰሰበት ቦታ ብትፈልግ አታገኝም፤ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጥብቅ።

አዲስ ፊልትሮ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሄደህም ሆነ እዚሁ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድና በእጅህ መዝን። አስመስለው የሠሩት ቀለል ይላል።

7. ተርቦ ካለው ዳገት ላይ መስኮት ከፍተህ አድምጥ። አየር የሚያፈስ ቱቦ ያፏጫል፤ መገጣጠሚያው ላይም አቧራ የለጠፈበት ዘይት ታያለህ። ፋሼታውን አጥብቅ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦውን ፈተህ የተርቦውን ዘንግ በጣት ነቅንቅ፤ ወደ ጎን ትንሽ መነቅነቁ ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ ወይም ምላጩ ግድግዳውን ከነካ ግን አልቋል።

8. መኪናህ ዲፎርዲ፣ ማለትም ኮመን ሬይል ከሆነ ይህን በቀይ ጻፈው። በድሮው ሞተር መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ በቁልፍ እያላላ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ይለያል። በዲፎርዲ ይህን የሚያደርግ ሰው እጁን ያጣል። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዲህ ያለው መኪና ኮምፒውተር ይነበብለት። «የሬይል ግፊት አነሰ» የሚል ኮድ ቢወጣም ወዲያው ፓምፕ ቀይሩ አይደለም፤ መጀመሪያ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ፓምፑ ላይ ያለው የነዳጅ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይታያል። 2ኬዲና 1ኬዲ ሞተር ላይ ደግሞ ከኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታፈስ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ወፍሮ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። የዘይት ክዳኑን ሥር ጥቁር ዝቃጭ ከሸፈነው አንድ ቀንም ሳታድር አስፈትሽ።

9. «ናፍጣ ልጨምርለት» የሚልህን ሰው እጁን ያዝ። ፓምፑ ላይ በሽቦ የታሸገችው ብሎን ስትዞር መኪናው ለጊዜው ይፈረጥማል፤ ጥቁር ጭስ ያግተለትላል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ሙቀቱ ፒስተን ያቀልጣል። ፓምፕ የሚስተካከለው በመፈተሻ ማሽን ላይ ነው። ማሽን የሌለው ሰው አይንካው።

10. ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ወደ ውስጥ ግባ። የታይሚንግ ቺንጋ በ1ኤችዜድና በ5ኤል በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ ሻጭህ መቼ እንደቀየረ በወረቀት ካላሳየህ አልቀየረም በል። አንድ ጥርስ ከዘለለ ፓምፑ ጊዜውን ይስታል። የቫልቭ ሬጂስትሮም ይታይ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ስታነሣ እንደ ባቡር እየተነፈሰ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ ጠዋትም በግድ የሚነሣ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን አስለካ። ለናፍጣ የተሠራውን መለኪያ ይጠቀሙ፤ የቤንዚኑ አይችለውም። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይስጡህ። ቁጥሩ ዝቅ ካለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ፦ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን ነው። ለቫልቭና ለጋርኒሲዮን ቴስታታው ብቻ ይነሣል። ፋሻ ከሆነ ወረቀቱን ይዘህ ወደ እኔ ና፤ ማን ዘንድ እንደምታስወርደው ያኔ እንነጋገራለን።