ሁለት ወረቀት በአንድ ቀን

በቦሌ ቡልቡላ ማታ ማታ በምናስተምርበት ክፍል አንድ ምሽት የንባቡ ቃል «ምርጫ» ነበር። ቃሉን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ አነበቡት። ከዚያ በኋላ ግን ንባቡ ቆመና ወሬው ቀጠለ።

አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። «ባለፈው ምርጫ ሁለት ወረቀት ሰጡኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ መስሎኝ በሁለቱም ላይ ያንኑ ሥዕል ፈልጌ አሻራዬን አደረግሁ። ሁለት ምርጫ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉ።

አንዲት እናትም ሣቅ ብለው፣ «አባባ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ገበሬ ደግሞ፣ «እንግዲህ ሰው እንዲህ የሚምታታ ከሆነ ለምን በአንድ ቀን ያደርጉታል? አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ሌላ ቀን ቢያደርጉት አይሻልም?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ለመሠረተ ትምህርት የመጣን ተማሪዎች በዚያ ምሽት ቶሎ መልስ አላገኘንለትም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አብረን እንድናየው ይህን ንባብ አዘጋጀን።

ሁለቱ ወረቀቶች ምንና ምን ናቸው?

አንደኛው ወረቀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤት የመላው አገር ነው። ለመላው አገር የሚሠሩ ሕጎችን ያወጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚሰየመው በዚሁ ምክር ቤት ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ለክልል ምክር ቤት ነው። አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች የእኛ ሁለተኛ ወረቀት ለከተማው ምክር ቤት ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው ይህ ምክር ቤት ነው። ከከተማው ወሰን ተሻግሮ የሚኖረው ዘመዳችን ግን ሁለተኛውን ወረቀት የሚሰጠው ለጨፌ ኦሮሚያ ነው። ገበያችን አንድ፣ ዕድራችን አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወረቀታችን ግን ይለያያል።

አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138 መቀመጫ አለው። የሁለቱም የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው።

ልዩነቱን በመሬት ነገር እንየው። የቡልቡላ ሰው መሬት ሲባል ይገባዋል። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሣ እንዴት እንደሚከፈል የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ይህን አዋጅ ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ማሳውን የሚለካው፣ ግምቱን የሚሠራው፣ ካሣውን የሚከፍለው፣ ምትክ ቦታ የሚያሳየው ግን ቅርብ ያለው አስተዳደር ነው።

ስለዚህ አንድ ገበሬ «ሕጉ ራሱ በደለኝ» ካለ ጥያቄው ወደ አንደኛው ወረቀት ይሄዳል። «ሕጉስ ደህና ነበር፤ የለካኝ ሰው በደለኝ» ካለ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ይሄዳል። ሁለቱን ያላወቀ ሰው የበደለውን ትቶ ያልበደለውን ይቀጣል።

እስካሁን እንዴት ነበር?

በ1987 ዓ.ም. ከወጣው ሕገ መንግሥት ወዲህ የአገሩና የክልሉ ምርጫ በአብዛኛው ቦታ አብሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ሁልጊዜና ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከሌላው አገር በኋላ በነሐሴ ወር መረጠ።

በ2012 ዓ.ም. ምርጫው ነሐሴ 23 ቀን ሊደረግ ታስቦ ነበር። በኮሮና በሽታ ምክንያት ተላለፈ። የትግራይ ክልል ግን «ጊዜው አይለፍ» ብሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የክልሉን ምርጫ ብቻውን አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው፣ አይጸናም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሥልጣን አልቀበልም ተባባሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ተጀመረ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ቀኑን ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል።

የአዲስ አበባም ታሪክ የሚያስተምር ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ቀን ሰጠ። ቅንጅት ከ23ቱ የፓርላማ መቀመጫ 23ቱን፣ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫ ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ከዚያም በተነሣው ውዝግብ ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ። ከተማዋም በጊዜያዊ አስተዳደር ቆየች። የከተማው ምክር ቤት ምርጫ እንደገና የተካሄደው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። በዚህም የከተማው ምርጫ ከአገሩ ምርጫ ተለየ።

ቀጥሎ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተመረጠ። የሚቀጥለው በ2010 ዓ.ም. መሆን ነበረበት። ግን ተላለፈ። እንደገናም ተላለፈ። በመጨረሻ ለ5 ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት 8 ዓመት ቆየ።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያ የአገሩ ምርጫ ግንቦት 28፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሰኔ 5 እንዲሆን ታቅዶ ነበር። በኋላ ዕቅዱ ተለወጠና ሁለቱም ሰኔ 14 ቀን በአንድ ላይ ተካሄዱ። የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች ግን መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መረጡ።

በአንድ ቀን ይሁን የሚሉ ምን ይላሉ?

አንደኛ፣ ጊዜ ይቆጥባል ይላሉ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ሰኔና ሰኞ ገጠመብን ያለም አልጠፋ! ሰልፉ ረዝሞ የምርጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። በእርሻ ወቅት አንድ ቀን ሙሉ ከሰልፍ መዋል ለገበሬ ቀላል አይደለም። ሁለት ጊዜ ሲሆንማ ሁለት ቀን ከሞፈር መለየት ነው።

ሁለተኛ፣ ወጪ ይቀንሳል ይላሉ። ሳጥኑ፣ መኪናው፣ ታዛቢው፣ ጥበቃው አንድ ጊዜ ይወጣል። የሚወጣውም ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ ትንሹ ምርጫ እንዳይረሳ ይረዳል ይላሉ። ብቻውን የቀረ ምርጫ «ለከርሞ ይሁን» ለመባል ይመቻል። የአዲስ አበባው 8 ዓመት ለዚህ ምስክር ነው።

በየራሱ ቀን ይሁን የሚሉስ?

እነዚህም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በአንድ ቀን ሲሆን የአገሩ ጉዳይ የሰፈሩን ጉዳይ ይውጠዋል ይላሉ። ሬዲዮው ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያወራ ስለ ቡልቡላ ውኃና መንገድ ማን ይጠይቃል? መራጩም በአንደኛው ወረቀት ላይ የመረጠውን ፓርቲ በሁለተኛው ላይ ይደግመዋል። የ1997ቱ ቁጥር፣ 23 ከ23 እና 137 ከ138፣ ሕዝቡ ሁለቱን ወረቀት በአንድ ልብ እንደሰጠ ያሳያል። አውቆ የሰጠ ሰው መብቱ ነው። እንደ አዛውንቱ ግልባጭ መስሎት የሰጠ ግን ግማሽ ድምፁን አጥቷል።

ሌላም ነገር አለ። ምርጫው በአንድ ቀን ካለቀ ሕዝቡ ቅር ቢለው የሚናገርበት የድምፅ መስጫ ቀን ለ5 ዓመት አያገኝም። በየራሱ ቀን ቢሆን ግን በመካከል «አልተስማማንም» የሚልበት ዕድል ይኖረዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ጎረቤታችን ኬንያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 ምርጫ ጀምሮ መራጩን በአንድ ቀን 6 ወረቀት ታስመርጣለች። ከፕሬዚዳንቱ እስከ አካባቢው ተወካይ ድረስ ማለት ነው። ሰው ከለመደና ከተማረ 6 ወረቀትም አያሸንፈውም ማለት ነው።

ሕንድ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 እስከ 1967 የአገሩንና የክልሎቹን ምርጫ አብራ ታካሂድ ነበር። በኋላ አንዳንድ የክልል ምክር ቤቶች ጊዜያቸው ሳይደርስ ፈረሱ። የአገሩም ምክር ቤት በ1970 ጊዜው ሳይደርስ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ቀኖቹ ተለያዩ። በ2024 የአገሩ መንግሥት እንደገና ለማገናኘት ረቂቅ ሕግ አቀረበ፤ ብዙዎችም ተቃወሙት። ይህ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። ቀኑን ማገናኘት ይቻላል። አንዱ ምክር ቤት ሲፈርስ ግን ቀኑ መልሶ ይላቀቃል።

እኛ የምንለው

እኛ ከተማሪዎቻችን ጋር ብዙ ከተወያየን በኋላ ይህን ብለናል። የአገሩና የክልሉ ወይም የከተማው ምርጫ በአንድ ቀን ቢሆን ለገበሬው ይሻላል። ሥራ አያስፈታውም። የቅርቡም ምርጫ እየተላለፈ እንዳይረሳ ይጠብቀዋል።

ይሁን እንጂ ቀኑን አንድ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ከምርጫው በፊት ለእያንዳንዱ ወረቀት የየራሱ ስብሰባ ይደረግ። ለፓርላማ የሚወዳደረውን ስለ ሕግ እንጠይቀው። ለከተማው ወይም ለክልሉ የሚወዳደረውን ስለ ካሣው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጤና ጣቢያው እንጠይቀው። አንዱ የሌላውን ሥራ ተስፋ ቢሰጠን፣ «ወንድሜ፣ ይህ ያንተ ሥራ አይደለም» እንበለው።

የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ደግሞ የራሱ ቀን ይኑረው፤ ቀኑም ይከበር። በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ተላለፈ፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም አብሮ አልተካሄደም። በየቀኑ የምንገናኘው ግን ከወረዳው ጋር ነው። ደጃፋችን ላይ ያለው እየተረሳ የሩቁ ብቻ ቢመረጥ ምን ይጠቅመናል?

አዛውንቱ በዚያ ምሽት ሲወጡ እንዲህ አሉን፤ «ድሮ ሥዕሉን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ከወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈውን አነባለሁ። የየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ሳላነብ ጣቴን ቀለም አላስነካም።»

ፊደል የተማርነው ለዚህ ነው።

አዳዲስ ቃላት

ግልባጭ — ከአንድ ጽሑፍ የተቀዳ ሌላ ተመሳሳይ ጽሑፍ።
ካሣ — ለተወሰደ ወይም ለጠፋ ንብረት የሚከፈል ዋጋ።
የሥራ ዘመን — የተመረጠ ሰው ወይም ምክር ቤት የሚያገለግልበት የተወሰነ ጊዜ።
ረቂቅ ሕግ — ገና ያልጸደቀ፣ ለውይይት የቀረበ ሕግ።

ለውይይት

1. አንደኛውና ሁለተኛው ወረቀት ለየትኞቹ ምክር ቤቶች ናቸው?
2. በ2005 ዓ.ም. የተመረጠው የአዲስ አበባ ምክር ቤት ስንት ዓመት ቆየ? መቆየት የነበረበትስ ስንት ነበር?
3. ማሳዎ ተለክቶ ካሣው ቢያንስብዎ፣ ጥያቄዎ የሕጉ ነው ወይስ የአስተዳደሩ? እንዴት ይለዩታል?
4. እኛ በአንድ ቀን ይሁን ብለናል። የማትስማሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ በክፍል አንብቡ።