ቁልፉ ሲዞር ቮልቱ የት ይቀራል?

ጫንጮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አድሮ ሲነጋ፣ ወተት ጭኖ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሊገባ የተሰናዳ አሮጌ ፒካፕ «ጠቅ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ቶሎ የሚያስበው ባትሪ መቀየርን ነው። ይህን ችኮላ አጥብቄ እቃወማለሁ። ባትሪ ውድ ነው፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለም በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ይገባል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ድምፁን ያዳምጡ። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ቶሎ ቶሎ ከደጋገመ ቮልቱ ወርዷል ማለት ነው። የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ማብሪያ የሆነው ሶሌኖይድ ይስባል፣ ሞተሪኖው ኃይል ሲጎትት ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ ከዚያ እንደገና ይስባል። አንዴ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ የሶሌኖይዱ መገናኛ ተቃጥሎ ወይም የሞተሪኖው ካርቦን አልቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖውን ቀስ አድርገው ሲመቱት ከተነሳ ካርቦኑን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ቴስተር ነው። ያደረ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሁለት ባትሪ ያለው ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ ያድርጉት። ይህ ልኬት ብቻውን ግን ያሳስታል፤ የደከመ ባትሪም ሥራ ሳይበዛበት 12.5 ሊያሳይ ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ማርሹን ባዶ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ያድርጉ። ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ያን ጊዜ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጎተተ ነው። ባትሪው 11 አካባቢ ቆሞ ሞተሪኖው በዝግታ ከዞረ ግን ባትሪውን አይክሰሱት፤ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

የት እንደቀረ ለማግኘት የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው የፖዘቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ከሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ላይ ያሳርፉ። ቁልፉ ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ መታየት የለበትም። በኔጌቲቩ በኩል ደግሞ ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሩ ብረት ይለኩ፤ እዚህ 0.3 እንኳ ብዙ ነው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ቢጎትትና ካቦው ላይ 0.02 ኦም ብቻ ቢኖር 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ለዓይን የማይታይ ዝገት ይህን ያህል ይበላል።

አሮጌ መኪና ላይ በብዛት የሚረሳው ማሳው፣ ማለትም የሞተሩን ብረት ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነው። ሞተሩ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ ኃይሉ የሚመለሰው በዚያ ገመድ ነው። ገመዱ ሲበላሽ ኃይሉ በቀጭኑ የነዳጅ መስጫ ገመድ ሊያልፍ ይሞክራል፤ ቀጭኑ ገመድም እስኪግል ይሞቃል። የባትሪው ማሰሪያ ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለሁሉም ይታያል፤ የካቦው ጎማ ሲላጥ ግን ከውስጥ የጠቆረ መዳብ ይገኛል። እንዲህ ያለውን መፋቅ አያድነውም፤ መቀየር ነው። ሲፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድመው ያላቅቁ፤ ሲጋራም አጠገቡ አይለኩሱ።

መኪናው ከተነሳ በኋላም ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው። 12.5 ላይ ከቀረ ቺንጋውንና ዲናሞውን ያስመርምሩ። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ አዲስ ባትሪ ቢገጠምም ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።